ያልታየው የአዋቂ ጡንቻ

እ.ኤ.አ. በ1896 ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣሊያ ወታደሮች ናፖሊ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ከአንድ አዲስ መሣሪያ ፊት ቀረቡ። ቪልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ካገኘ ገና መንፈቅ ያህል ነበር። ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የሁለቱንም ክንድ ራጅ አነሣ፤ ሥጋቸው ውስጥ የቀረውን ጥይትም ያለበትን ቦታ አገኘ። በጦር ቁስለኛ ላይ ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ ራጆች መካከል እነዚህ ይቆጠራሉ። በምስሉ ላይ አጥንቱና እርሳሱ ቁልጭ ብለው ሲወጡ፣ ያን ክንድ ያንቀሳቅስ የነበረው ጡንቻ ግን ከቆዳና ከስብ ጋር ተቀላቅሎ ደብዛዛ ጥላ ሆኖ ቀረ። ጡንቻን ከዙሪያው ለይቶ በምስል ለመለካት ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

በኛ አገር የሰውን ክሳት ለማወቅ የተሠራበት መሣሪያ ከራጅ ይልቅ ጥብጣብ ነው። ዴሪክ ጀሊፍ እ.ኤ.አ. በ1966 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መጽሐፍ የላይኛውን ክንድ መሐል ዙሪያውን መለካት የምግብ እጥረትን ለመለየት እንደሚጠቅም አብራራ። የተራበ ሰው ክንድ ስቡም ጡንቻውም ይሟሽሻል፤ እግርና ፊት በውሃ ሲያብጡ ክንድ ብዙውን ጊዜ እብጠቱ አይደርስበትም። ጥብጣቡ ርካሽ ነው፤ በኪስ ይያዛል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በቀለሙ ይረዳዋል።

ድርቅን ተከትሎ፣ በ1966 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ፣ ጆን ሲማን፣ ጁሊየስ ሆልትና ጆን ሪቨርስ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ዞረው ጥናት አካሄዱ። ጥናቱ የተሠራው ለእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። የሕፃናትን ቁመትና ክብደት ለኩ፤ ስንት ከብት እንደሞተ፣ እህል በስንት እንደሚሸጥ ጠየቁ። ያገኙት ውጤት ኋላ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ረሃብ ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዟል። የኢሳና የኦጋዴን አርብቶ አደር የተመታው በሁለት ወገን ነበር፤ ከብቱ አለቀ፣ የተረፈው ከብትም ገበያ ሲወጣ የሚያስገኘው እህል አነሰ። የዚህን ሥራ ዋጋ መቼም ቢሆን ማሳነስ አይገባም። ሆኖም ሚዛኑ ላይ የወጣው ሕፃን ነው። ከብቱን የነዳው አባት፣ ውሃ የቀዳችው እናት ምን ያህል ጡንቻ እንደቀራቸው የሚነግረን ቁጥር የለም።

ለዚህ ምክንያት አለው። በረሃብ ቀድሞ የሚሞተው ሕፃን ነው፤ የሕፃን እድገት መስፈርትም አስቀድሞ ተሰናድቶ ነበር። አዋቂን የሚመለከት መለኪያ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው። ሐኪሙ ስቲቭ ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1992ና በ1993 በሶማሊያዋ ባይዶዋ በረሃብ የተጎዱ አዋቂዎችን አክሞ፣ ሰው በሕይወት ሊቆይበት አይችልም ከሚባለው ክብደት በታች ወርደው ያገገሙ ሰዎች መኖራቸውን ጻፈ። እርሱ፣ አራቤላ ደፊልድና ማርክ ማያት እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረቡት ሐሳብ የክንዱ ዙሪያ ከ16 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ አዋቂ በቀጥታ ለሕክምና እንዲገባ፣ ከ16 እስከ 18.5 ያለው ደግሞ እንደ እብጠት ወይም መቆም አለመቻል ያለ ምልክት ከታየበት እንዲገባ ነበር። መቆም አለመቻል በመስፈርትነት መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሞቹ የክንድ ዙሪያ ብቻውን የማይነግራቸውን ጉልበት በዓይናቸው እየፈለጉ ነበር ማለት ነው።

በምዕራብ ሐረርጌዋ ሚኤሶ ላይ ይህ የአዋቂ ጉልበት ጉዳይ ከሆስፒታል ደጃፍ ይሻገራል። ከአዋሽ ተነሥቶ ቦርደዴንና አሰቦትን አልፎ ወደ ጭሮ ዳገት የሚያመራው መንገድ ቆላውን የሚጨርሰው እዚህ አካባቢ ነው። ኦሮሞና ሶማሌ ጎን ለጎን የሚኖሩበት፣ ማሽላ የሚዘራበት፣ ግመል፣ ከብትና ፍየል የሚረባበት አገር ነው። ዝናቡ አይታመንም። በ1995 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ሲፈልግ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበር። በእንዲህ ያለ አገር የአዋቂ ጡንቻ የቤተሰቡ ሀብት ነው። ማሽላው የሚኮተኮተው፣ እንስራው የሚሸከመው፣ ከብቱ ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚሄደው በእርሱ ነው። ድርቁ ባለፈ በዓመቱ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ጉልበቱ ያላገገመ ገበሬ የሚያርሰው መሬት ያንሳል። ያረሰው ካነሰ የሚያጭደውም ያንሳል፤ ቀጣዩን ድርቅም ቀድሞውኑ ተጎድቶ ይቀበለዋል።

የክንድ ጥብጣብ የሚያመልጠው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንሴል ኪስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል አስርቦ ካበላቸው በኋላ ያየው አንዱ ነገር፣ ስብ ፈጥኖ ሲመለስ ጡንቻ ግን ወደኋላ መቅረቱን ነው። የክንዱ ዙሪያ የሞላ፣ ክብደቱም የተመለሰ ሰው ዳነ ተብሎ ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል። የተመለሰው ግን ምኑ ነው? ይህን ከውስጥ ካላዩ መመለስ አይቻልም።

ከውስጥ ማየት የተጀመረው ጃፓን ውስጥ ነው። ኢካይና ፉኩናጋ እ.ኤ.አ. በ1968 የክንድ ጡንቻን ስፋት በአልትራሳውንድ ለክተው ከክንዱ ኃይል ጋር አነጻጸሩ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1971 ለንደን ውስጥ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የተሠራው ሲቲ ስካን የመጀመሪያውን ታማሚ ጭንቅላት አነሣ። ሲቲ ጨረር ምን ያህል እንደታገደ በቁጥር ያስቀምጣል፤ ውሃ ዜሮ፣ አየር ከዜሮ በታች 1000። ስብ ከዜሮ በታች 190 እስከ 30 ላይ ይውላል፤ ጡንቻ ከዜሮ በታች 29 ጀምሮ እስከ 150 ይደርሳል። በአልቫሮ ራጅ ላይ አንድ ጥላ የነበሩት ሁለቱ እዚህ ተለያዩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በወገብ አካባቢ የተወሰደ አንድ ምስል የመላ ሰውነትን ጡንቻ በጥሩ ሁኔታ እንደሚገምት ታየ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ አጥኚዎች የሚመርጡት ሦስተኛውን የወገብ አንጓ ነው፤ በዚያ ቁራጭ ላይ ያለውን የጡንቻ ስፋት በቁመት ስኩዌር ያካፍሉታል።

ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጡንቻው ጥራት ነው። ጡንቻ ሳይቀንስ ሊበላሽ ይችላል፤ በክሮቹ መካከል ስብ ሲገባ በሲቲ ላይ ቁጥሩ ይወርዳል፣ መልኩም ይጠቁራል። ብሬት ጉድፓስተርና ባልደረቦቹ በፒትስበርግና በሜምፊስ ከ70 እስከ 79 ዓመት ያሉ ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳወቁት፣ የአረጋውያኑ የጉልበት መቀነስ ከጡንቻ መጠናቸው መቀነስ በሦስት እጥፍ ያህል የፈጠነ ነበር። መጠኑን ብቻ የሚለካ ሰው የታሪኩን ግማሽ እንኳ አያይም።

ዴክሳ የሚባለው አነስተኛ ጨረር ያለው ማሽንም አለ፤ ግን ውሃን ከጡንቻ ጋር ስለሚቆጥር በረሃብ ያበጠን ሰው ጡንቻማ ሊያስመስለው ይችላል። ኤምአርአይ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጨረር የለውም፣ ስብንና ውሃን ይለያል። ዋጋውና ብርቅነቱ ግን ለሚኤሶ አይመጥንም።

ከማሽኑ እኩል የሚከብደው ችግር ቁጥሩ የማን ነው የሚለው ነው። በዓለም ዙሪያ በብዛት የተጠቀሱት፣ ከእነርሱ በታች ጡንቻ አነሰ የሚባልባቸው የወገብ ምስል መለያዎች፣ ለወንድ 52.4 ለሴት 38.5 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በስኩዌር ሜትር፣ የመጡት ካርላ ፕራዶና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ካሳተሙት ጥናት ነው። የተጠኑት ካናዳ ውስጥ ካንሰር የያዛቸው ከመጠን በላይ ወፍራም ታማሚዎች ነበሩ። ይህን መለያ ቀጥ አድርጎ ግመል ጠባቂ ላይ መዘርጋት ስህተት ነው። የማያትና የባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. የ2009 ሥራ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ እንዳሳየው፣ እግሩ ረዥም ግንዱ አጭር የሆነ የአርብቶ አደር ልጅ በክብደትና በቁመት ሲለካ ከሚገባው በላይ የከሳ መስሎ ይቆጠራል። ረዥም እግር ያለው አዋቂም ጡንቻው በቁመት ስኩዌር ሲካፈል በተመሳሳይ መንገድ ሊበደል ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። የጅማና የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለሚጀምሩ አዋቂዎች በቅባት የተዘጋጀ ተጨማሪ ምግብ ሰጥተዋል። ክብደት ብቻ አልመዘኑም፤ ታማሚው ከባድ ሃይድሮጅን ያለበት ውሃ ጠጥቶ ከስብ ውጭ ያለው የሰውነቱ ክፍል ተሰላ፣ የእጁ የመጨበጥ ኃይልም ተለካ። ምግቡን ያገኙት ሁለቱም ጨመሩላቸው። የአዋቂ ጡንቻ እዚህ አገር ሊለካ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም።

ለሚኤሶ የሚሆነው መሣሪያ እንግዲህ ነፍሰ ጡር እናቶች የሚያውቁት አልትራሳውንድ ነው። ታማሚው ይተኛል፤ በዳሌ አጥንት ጫፍና በጉልበት ሎሚ መካከል ያለው እኩሌታ ይለካል፣ ምልክት ይደረግበታል፤ መሣሪያው ሳይጫን ብዙ ቅባት ተቀብቶ ይቀመጣል። ጭኑ ላይ ያለው ጡንቻ ውፍረቱና ስፋቱ ይነበባል፤ ስብ ወይም ጠባሳ የገባበት ጡንቻ ደግሞ በዚህኛው ምስል ላይ ይነጣል። ዙቢን ፑቱቼሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎች ላይ በዚሁ መንገድ በአሥር ቀን ውስጥ ከጭን ጡንቻ ስፋት 17.7 በመቶ መጥፋቱን አይተዋል። ችግሩ እጅ ነው። ትንሽ ከተጫኑ ጡንቻው ይሳሳል፤ ትንሽ ካዘነበሉ ምስሉ ይጠቁራል። ስለዚህ ሁለት ባለሙያ አንዱን ሰው ለየብቻ ለክቶ ቁጥራቸው ካልተቀራረበ ሥራው መጀመር የለበትም።

ሲቲን በተመለከተ ጡንቻ ለመለካት ብቻ ብሎ ሰውን ለጨረር ማጋለጥ አይገባም። በሌላ ምክንያት የተነሣ የሆድ ወይም የደረት ሲቲ ግን ጡንቻውን ይዟል። በሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረ ሰው የደረት ምስል ላይ የደረት ጡንቻው አለ፤ በካንሰር የታከመችው ሴት የሆድ ምስል ላይ ሦስተኛው የወገብ አንጓ አለ። የምስሉ ዘገባ ስለ ጡንቻ ምንም ሳይል ፋይሉ ይዘጋል። አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታልና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ፣ ጭሮ ላይ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አሉ። ሐረማያ በምሥራቅ ሐረርጌዋ ቀርሳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሕዝቡን ልደትና ሞት እየመዘገበ ነው፤ ቀርሳ ግን በአብዛኛው የገበሬ አገር ናትና ለሚኤሶ ቆላ የራሱ ናሙና ያስፈልገዋል። ጤነኛ ወንድና ሴት፣ ከወጣት እስከ ሽማግሌ፣ ከገበሬውም ከአርብቶ አደሩም፣ ጭናቸው በአልትራሳውንድ፣ እጃቸው በመጨበጫ መለኪያ፣ ቁመታቸው ቆመውም ተቀምጠውም ይለካ። የተቀመጡበት ቁመት ከተረሳ የእግር ርዝማኔ እንደገና መክሳት ተብሎ ይቆጠራል። ልኬቱም በደህና ዓመት፣ ማሽላው ከገባ በኋላ መጀመር አለበት፤ በድርቅ ዓመት የተጀመረ ልኬት የጎደለውን ሰውነት እንደ ጤነኛ መስፈርት ያስቀምጠዋል።