አራት አምስት ሲሆን

አንድ የምናውቀው ልጅ ለሱቅ የሒሳብ ፕሮግራም ሠራ። 15 ቁጥር ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበራት፤ አንዳንዱ ቦታ የቫት መቶኛ፣ አንዳንዱ ቦታ የዱቤ መክፈያ ቀን። ባለሱቁ ዱቤውን ወደ 30 ቀን ሲያራዝም ልጁ 15ን እያደነ በ30 ተካ። በማግስቱ ደንበኞች 30 በመቶ ቫት ተጠየቁ።

እኛ ጋዜጠኝነት ያጠናን ሰዎች ስቀን ልናልፈው ነበር። ስናነብ ግን ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ ገባን፤ ቁጥርን በቦታው ማቆየት የፕሮግራም ቋንቋዎች የቆየ ራስ ምታት ነው። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከፎርትራን እንነሳ። የአይቢኤሙ ጆን ባከስና ቡድኑ በ1957 ያወጡት ቋንቋ በ1958 ንዑስ ፕሮግራም መጻፍ ፈቀደ፤ ጣጣውም አብሮ መጣ። ኮምፓይለሩ 4ን ሜሞሪ ውስጥ አንድ ቦታ ያስቀምጣል፤ 4 በተጻፈበት ሁሉ ማሽኑ እዚያው ሄዶ ያነባል። ለንዑስ ፕሮግራሙ 4ን ስታቀብሉት የምትሰጡት ግን ቁጥሩን ሳይሆን አድራሻውን ነው። እሱ የተቀበለው ላይ አንድ ቢደምርበትስ? በአንዳንድ ኮምፓይለሮች 4 ከዚያ ወዲያ 5 ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱ 4 ይላል፣ ማሽኑ 5 ያነባል። እንግዲህ ስህተቱን ፈልጉ!

ኒክላውስ ቪርት በ1970 ይፋ ያደረገው ፓስካል ነገሩን በሥርዓት ያዘው። ቋሚዎች ከተለዋዋጮች በፊት፣ «ኮንስት» ከሚለው ቃል ሥር ስም ተሰጥቷቸው ይታወጃሉ። ወረድ ብሎ ዋጋውን ልቀይር ያለን ሰው ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ ይመልሰዋል። የኛ ልጅም ለቫቱ አንድ ስም፣ ለዱቤው ሌላ ስም ቢሰጥ ኖሮ የሚነካው አንዲት መስመር ብቻ ነበር።

በሲ ቋንቋ «ዲፋይን» የሚሉት ዘዴ ነበር፤ ኮምፓይለሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ስሙ በቁጥር ይተካል። ፈልጎ መተካት መሆኑ ነው፣ ልጁ እንዳደረገው፤ በስም መሆኑ ግን ይሻላል። ቢያርኔ ስትሮስትሩፕ በ1981 ቤል ላብስ ውስጥ «ሪድኦንሊ» የሚል ቃል ለሲ አቀረበ። ሐሳቡ ተወደደ፣ ስሙ ግን ወደ «ኮንስት» ተቀየረ። (ቋሚ የሚለው ስም ራሱ ተቀይሮ መምጣቱ አሳቀን።) ቃሉ በ1989ኙ የአሜሪካ የሲ ስታንዳርድ ውስጥ ገባ።

ጃቫስክሪፕት በ2015 ስታንዳርዱ «ኮንስት»ን ሲያስገባ የቆለፈው ስሙን እንጂ ውስጡን አይደለም። ዝርዝር በኮንስት ብታውጁ ያንን ስም ለሌላ ዝርዝር መስጠት አትችሉም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያሻችሁን መጨመርና መሰረዝ ግን ትችላላችሁ።

ልጁ አሁን የሚጽፈው በጃቫስክሪፕት ነው። ቫቱን ከላይ በኮንስት አውጆታል፣ የዕቃዎቹን ዋጋ ዝርዝርም እንዲሁ። «በቃ ተቆለፈ» ብሎናል። ዝርዝሩን «ፍሪዝ» በሚባለው ትእዛዝ ካላደረቀው እንዳልተቆለፈ ልንነግረው ቀጠሮ ይዘናል።