ከብሩሹ በኋላ ያለው ሙያ

በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የሳላት የእመቤታችን ሥዕል አለች። ስሙ ስለተጻፈባት እናውቀዋለን፤ አብዛኞቹ የዘመኑ ሠዓሊዎች ግን ያለ ስም አልፈዋል። የሙያ ሥርዓታቸው ግን ከስማቸው ይልቅ ዕድሜ ነበረው። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ ቀለም ሲበጠብጥ ሌላም ነገር ይማር ነበር፦ ሥዕሉን ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ታሪክ በየትኛው ግድግዳ እንደሚውል፣ ሚካኤልና ገብርኤል በመቅደሱ በር ላይ እንደሚቆሙ፣ አሠሪው ከቅዱሱ እግር ሥር ተደፍቶ ተስሎ ስሙ እንደሚጻፍለት። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ዕቃ ቤቱ ጠባቂ አለው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ይመዘገባል። ውል፣ አሰቃቀል፣ ጥበቃና መዝገብ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ይህን የምለው ያን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። ሠዓሊው የሚስለውን አይመርጥም፤ ጉርሱም በአሠሪው እጅ ነበር።

አዲስ አበባ ስታድግ ሌላ አሠሪ መጣ፤ የውጭ አገር ሰው። በላቸው ይመርን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተደረደሩ ትንንሽ ምስሎች እየከፋፈሉ ሳሉ፤ አማርኛ የማያውቅ ገዥም ታሪኩን በዓይኑ ሊከተል ቻለ። ገበያው ማንንም ሳያማክር አስተማሪ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የግል ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ትምህርታቸው በኋላ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ነው። ትምህርት ቤቱ የእጅን ጥበብ በሚገባ አስተላልፏል። አፈወርቅ ግን ከእጃቸው ሌላ ብርቱ ሙያ ነበራቸው፦ እንደ አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ያለ ሥራ መረከብ፣ ቪላ አልፋን መኖሪያም ስቱዲዮም ማሳያም ማድረግ፣ ስማቸውን በራሳቸው ማስከበር። እንደ እኔ ግምት ይህ ችሎታ የአንድ ሰው ጠባይ ተደርጎ ስለታየ ወደ መማሪያ ክፍል አልገባም። አንዳንዶች እንደ ኩራት ቆጠሩት።

የዚህ ጉድለት ዋጋ የታየው ኋላ ነው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በደርግ ዘመን ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ዐረፉ። በስማቸው የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ በጀርመን የቀሩ ሥዕሎቻቸው አገር የገቡትም ያን ጊዜ ነው። 27 ዓመት! በዚያ መካከል የተማረ ትውልድ የእርሳቸውን ቀለም ያወቀው ባመዛኙ ከወሬና ከደበዘዘ ፎቶግራፍ ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ያስተማሩት ለጥቂት ዓመታት ነበር፤ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ግን ለአሥርት ዓመታት አስተማሩ። ሠዓሊው ሲሰደድ ወይም ሲሞት ሥራውን ማን ይይዛል፣ ማን ይዘረዝራል የሚለው ጥያቄ፣ በወንጌል ቅጠል ላይ ይመለስ የነበረው፣ ባለቤት አጣ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መልሱ ከግለሰቦች መጣ። ቆንጂት ሥዩም አስኒ ጋለሪን ከፈቱ። መስከረም አሰግድ ከኤልያስ ስሜ ጋር የጀመሩት ዞማ እ.ኤ.አ. በ2019 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ አንድ ሠዓሊና አንዲት ኪውሬተር (የዐውደ ርእይ አሰናጅ) ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን ቢሠሩ ምን እንደሚገኝ ማየት የሚፈልግ መካኒሳ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢናሌ የመጀመሪያዋን ብሔራዊ ፓቪልዮን አቆመች። ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ፣ የአዲስ አበባውና የሽቱትጋርቱ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ምሩቅ፣ ነበር፤ ኪውሬተሩ ደግሞ ገጣሚው ለምን ሲሳይ። ገጣሚ መሆኑ አያስከፋኝም፤ ዐውደ ርእይ ታሪክ መንገር ነውና።

ዛሬ አዲስ ተመራቂ በስልኩ ከውጭ ጋለሪ መልእክት ይደርሰዋል። ስለ ሥራው አንድ ገጽ እንዲጽፍ፣ በአደራ የሚሰጣቸውን ሥዕሎች እንዲዘረዝር ይጠየቃል። የሽያጩ ግማሽ ለጋለሪው መሆኑ የተለመደ ነው፤ የማጓጓዣውንና የመድኑን ወጪ ማን እንደሚችል፣ ያልተሸጠው መቼ እንደሚመለስ ግን ሳይጠይቅ ይፈርማል። የ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 መብቱን እንደሚጠብቅለት የነገረው የለም። አሠሪው ተቀይሯል፤ ሠዓሊው ብቻውን የመቅረቡ ነገር ያው ነው።

የአንድ ቀን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይህን አይፈታም። ተማሪው በመጨረሻው ዓመት የራሱን ሳይሆን የጓደኛውን ሥራ መርጦ ይስቀል፤ ለምን ይህ ከዚያ አጠገብ እንደዋለ ይከራከር፤ መግለጫውን በአማርኛም ይጻፍ። ከሕግ ተማሪ ጋር ተቀምጦ እውነተኛ ውል መስመር በመስመር ያንብብ። የእያንዳንዱን ሥራ መጠን፣ ዓመትና ገዥ የሚመዘግብበት ደብተር ይኑረው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመምህራንን ፈቃድና በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ሰዓት ነው።

እናንተ አንባቢዎችም ድርሻ አላችሁ። በቤታችሁ የድሮ ዐውደ ርእይ ካታሎግ፣ የመጋበዣ ወረቀት ወይም የዋጋ ዝርዝር ካለ አትጣሉት። ቅጂውን ለገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ወይም ለአለ ትምህርት ቤት ስጡ።