ካፕስ ሎክ ለፊደል፦ የቋንቋ መቀየሪያው ቁልፍ የት ይቀመጥ?

ስለ አማርኛ ኪቦርድ የተጻፈው አብዛኛው ነገር አንድ ጥያቄ ሲያመላልስ ኖሯል፤ የትኛው ፊደል በየትኛው ቁልፍ ይመታ? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከድርሻው በላይ ቦታ ይዟል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ የሚያሻግረው አቋራጭ ቁልፍ ግን እንደ ተራ የቅንብር ጉዳይ ታይቶ ታልፏል። የጸሐፊውን ጊዜ ከፊደል አደላደሉ ይልቅ የሚበላው ይህ መሻገሪያ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ላይም ከመነሻው ካፕስ ሎክ ላይ መቀመጥ አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

ታሪኩን ባጭሩ። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ደከሙ፤ በእ.ኤ.አ. 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፍ ቦታ ሰጠ፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ይህን ሌሎች በሰፊው ጽፈውታል፤ እኔም የምቃወመው ነገር የለኝም።

የምቃወመው የመርገጫ ቆጠራውን ነው። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ለግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር የደከሙት ዶክተር አበራ ሞላ በ2015 ቁጥሩ 9,000,957 የሆነ የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። የክርክራቸው ምሰሶ አንድ ቀለም ከሁለት መርገጫ በላይ መፍጀት የለበትም የሚል ነው። በሌላው ወገን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ የቀረጹት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት አለ፤ ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ድምፅ ይወክላል። በሴራ ሳድሱ በአንድ፣ አብዛኛው ቀለም በሁለት፣ እንደ «ሏ» ያለው ደግሞ በሦስት መርገጫ ይጻፋል። ሁለቱ ወገኖች ለረጅም ጊዜ የተራራቁ መስለው ኖረዋል። በእርግጥ ተራርቀዋል?

«ሰላም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በሴራ አምስት መርገጫ ይፈጃል። «ከሁለት አይበልጥም» በሚለው ሕግ ደግሞ ጣሪያው ስድስት ነው። «መንግሥት»፣ «ሟች»፣ «ዓመት» ላይ ስንደርስ ልዩነቱ ይታያል፤ ሴራ ለ«ሟ» ሦስት መርገጫ፣ «ሠ»ንና «ዐ»ን ከሞክሼዎቻቸው ለመለየትም ተጨማሪ መርገጫ ይጠይቃልና። ይህን አልክድም። ነገር ግን ያ ትርፍ በአንድ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ ይመጣል? ቆጠራውስ ለምን አማርኛ ብቻ በተጻፈበት ገጽ ላይ ይደረጋል? ዶክተር አበራም ሆኑ ተቃዋሚዎቻቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ቋንቋ ሳይቀይር የሚጽፍ ሰው በሐሳባቸው ይዘዋል። እንዲህ ያለ ሰው ልብ ወለድ ደራሲ ይሆናል እንጂ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አይደለም።

ወደ ንፋስ መውጫ እንምጣ። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ላይ ጋይንት፣ እንደ ታች ጋይንትና ስማዳ ሁሉ፣ በእ.ኤ.አ. 2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ካቀፋቸው ወረዳዎች አንዱ ነው። ሴፍቲኔት ማለት ለቢሮው ሰው ዝርዝር ማለት ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የሚከፈል ብር፣ ከግርጌው ድምር።

እንዲህ ያለ ዝርዝር በኤክሴል ሲሞላ ስሙ በፊደል ይገባል። ድምሩ ግን ቀመር ነው፤ ቀመር ደግሞ ላቲን ይፈልጋል። ሠራተኛው አማርኛውን ሳያጠፋ የመደመሪያውን ቀመር ከጻፈ ሳጥኑ ውስጥ የሚወጣው «=ሱም(ድ2፡ድ40)» ነው። ሁለት ነጥቡ ሳይቀር «፡» ሆኗል፤ በሴራ መንገድ የሚሠሩ መጻፊያዎች ሁለት ነጥብን ወደ ቃል መለያ፣ ኮማን ወደ ነጠላ ሰረዝ ይለውጣሉና። ኤክሴል ይህን አያውቀውም። ሠራተኛው ያጠፋዋል፣ ቋንቋ ይቀይራል፣ ቀመሩን ደግሞ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ወዳለው ስም ሲመለስ መልሶ አማርኛውን ማብራት ይረሳና ስሙ በላቲን ይገባል። በ«ሠ» ላይ የተረፈችው አንዲት መርገጫ እዚህ ጋ ምን ትሆናለች?

አሁን ደግሞ አምራቾቹ ለመሻገሪያ የሰጡንን እንይ። ዊንዶውስ ለረጅም ዘመን ኦልትና ሺፍትን ሰጠ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ተጨመሩ። በሊኑክስ ግኖም የተባለውን የዴስክቶፕ ገጽታ የሚጠቀም ሰውም የሚያገኘው ሱፐርን (ያንኑ የዊንዶውስ ቁልፍ) እና ስፔስን ነው። ኮንትሮልና ስፔስ እንዳይሆን በኤክሴል ዓምድ ይመርጣል፤ ሺፍትና ስፔስ እንዳይሆን ረድፍ ይመርጣል። አፕል በ2005 ቋንቋ ይቀየርበት የነበረውን ኮማንድና ስፔስ ነጥቆ ስፖትላይት ለተባለው ፍለጋው ሰጠ። ላቲን ብቻ ለሚጽፍ መሐንዲስ ይህ ቁልፍ ሁልጊዜ ትርፍ ቁልፍ ነው፤ ሌላ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው።

ከዚህ የሚከፋው እነዚህ አቋራጮች ተራ የሚያዞሩ መሆናቸው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ የብሪታንያ እንግሊዝኛና አማርኛ ከተጫኑ (ብዙ ቢሮ እንዲህ ነው፤ ማን እንደጫናቸው የሚያውቅ የለም) አንድ ጊዜ መንካት አንዳንዴ አማርኛ ያመጣል፣ አንዳንዴ አያመጣም። ጸሐፊው ዓይኑን ከወረቀቱ አንስቶ የስክሪኑን ጥግ ማየት አለበት። ቆጣሪዎቹ ያልቆጠሩት ይህን ነው።

ካፕስ ሎክ ይህን ሁሉ ይፈታል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው ቁልፉ ለአማርኛ ምንም ሥራ የለውም። እንዲያውም ጎጂ ነው፤ በሴራ ትልቁ ሆሄ ሌላ ፊደል ስለሆነ፣ ካፕስ ሎክ ሳይታወቅ ከበራ «ተማሪ» ብሎ የሚጀምር ሰው «ጤ»ን፣ «ነገር» የሚለውም «ኜ»ን ያገኛል። ቁልፉ በግራ ትንሿ ጣት ሥር ነው፤ ብቻውን ይነካል። ከሁሉ በላይ መብራት አለው፤ ሲበራ ፊደል፣ ሲጠፋ ላቲን፤ ጥግ ማየት ቀረ። አዲስ ፈጠራም አያስፈልግም፤ የሊኑክስ የኪቦርድ ሥርዓት ካፕስ ሎክን የቋንቋ መቀየሪያ የሚያደርግ ምርጫም፣ መብራቱን የቋንቋ ምልክት የሚያደርግ ምርጫም አለው። በጃፓን ኪቦርድ በዚያው ቦታ ላይ የተቀመጠው ቁልፍ ብቻውን ሲነካ ወደ ላቲን የሚወስድ ነው፤ ካፕስ ሎክ የሚሆነው ከሺፍት ጋር ሲነካ ነው። ጉግልም በክሮምቡክ ላይ ቁልፉን ለፍለጋ ሰጥቶታል፤ ዓለም አልፈረሰም።

ጃፓንን ካነሳን ማንም የማይጠቅሰው አንድ ምንጭ አለ። ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ በ1997 በወጣው 20ኛ እትሙ የብዙ ቋንቋ ድጋፍ ሲጨምር፣ ጽኩባ ባለው የጃፓን ኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ታካሃሺ ናኦቶ የኢትዮጵያን ፊደል ክፍል ጽፎለታል። እዚያ ውስጥ ኤፍ 3 ፊደሉን ወደ ሴራ፣ ኤፍ 4 ደግሞ ሴራውን ወደ ፊደል ይመልሳል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ቋንቋ መቀየር ረስቶ አንድ አንቀጽ በላቲን የጻፈ ሰው አንድ ቁልፍ ነክቶ ጽሑፉን ያድናል። ዓላማው በዘመኑ ፊደል የማያስተላልፈውን ኢሜይል ለማለፍ ነበር የሚል ይኖራል፤ ይሁን፣ መሣሪያ ግን የሚመዘነው በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ ስህተት መድኃኒት የሚሆን አቋራጭ ከእኛ ቀድሞ ጽኩባ ላይ መታሰቡ ሊያስገርመን ይገባል።

መቃወሚያዎቹ ብዙ አያደክሙም። የእንግሊዝኛ አርእስት በትልቅ ሆሄ የሚጽፍስ? ሺፍትን ይያዝ። ሁሉም ሰው ወደ ስልክ ሄዷል? የሴፍቲኔት ዝርዝር በስልክ ሲሞላ አላየሁም። የፈለገ ሰው ራሱ ቅንብሩን ይቀይር? የወረዳ ኮምፒውተር የአንድ ሰው አይደለም፤ ሦስት ሰው ይፈራረቅበታል፣ ቫይረስ ሲገባበት ባለሙያው ፎርማት ያደርገዋል፣ የግል ቅንብር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የሚቆየው ከመነሻው የተሰጠው ብቻ ነው።

ለተረሳው ጽሑፍ የሚሆነው የመመለሻ ቁልፍ ግን ገና ቦታ አላገኘም። ኢማክስ የሰጠውን ኤፍ 4 እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ በኤክሴል ኤፍ 4 የቀመርን አድራሻ ማሰሪያ ነው፣ ዝርዝር ለሚሠራ ሰውም አስፈላጊ ነው። ኤፍ 3ም በብዙ ፕሮግራሞች ተይዟል። ብቻውን ሲነካ ምንም የማይሠራ ሆኖ የቀረው፣ በቀኝ ከላይ ጥግ ያለው ፖዝ ነው፤ ለእሱ ቢሰጥ የሚጣላ አይኖርም። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ግን ቁልፉ ስለሌለ ለእነሱ ሌላ መፈለግ ያስፈልጋል።