የማይደክም ደርዳሪ

መጀመሪያ ያፈርኩበትን ነገር ላጫውታችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉደር ላይ ሰርግ ነበር። ኦርጋን የሚጫወተው አጎቴ ነው፤ እኔ ከአምቦ ስፒከር ተሸክሜ የምከተል ረዳቱ ነኝ። ከምሳ በኋላ «እስቲ እኔም እህል ልቅመስ፣ ያዝልኝ» ብሎኝ ተነሳ። እንግዶቹ ደግሞ በዚያችው ሰዓት የችክችካ ዘፈን ጠየቁ።

ያን ሰሞን ኦርጋኑ ላይ አንዲት አዲስ ነገር አግኝቼ ነበር፤ አርፔጂዬተር የምታስነሳ ቁልፍ። የትዝታን አምስት ድምፆች በአምስት ጣቴ ይዤ ቁልፏን ተጫንኳት። ማሽኑ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ብቻውን መሮጥ ጀመረ። ለእኔ ጆሮ ገነት ነበር። ጨፋሪው ግን ግራ ገባው፤ ትከሻው ሁሉ አንድ በአንድ ቆመ። አንዲት እናት ወደ እኔ ዞረው «ሱታ! ሱታ!» አሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ፍጥነቱን ቀነስኩ። ባሰበት። አጎቴ እጁን ሳይታጠብ መጥቶ ቁልፏን አጠፋና በጣቱ ቀጠለ። ጭፈራው ወዲያው ተመለሰ።

ማታ ስንመለስ አልተቆጣኝም። «ችግሩ ፍጥነቱ አይደለም። ማሽኑ የሚቆጥረውና ሰው የሚረግጠው ሌላ ሌላ ነው» አለኝ፣ በቃ። የተናገረውን ለመረዳት ግን የማሽኑን ታሪክ ከሥሩ መከታተል ነበረብኝ።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። «አርፔጂዮ» የሚለው ቃል «አርፓ» ከሚለው ጣልያንኛ የመጣ ነው፤ አርፓ የእነሱ በገና በሉት። አብረው ሊሰሙ የሚችሉ ድምፆችን እንደ ክር በየተራ ማሰማት ነው አርፔጂዮ። አሁን ወደ አማርኛ ኑ። በገና ይደረደራል እንላለን። «ደረደረ» ደግሞ ዕቃን በተርታ አስቀመጠ ማለትም ነው። እነሱ ስሙን ከመሣሪያው ሲወስዱ፣ እኛ ከድርጊቱ ወሰድነው። ክራርም ላይ ሁሉንም ክር ባንዴ መግረፍ አለ፤ ክሩን በየጣቱ መደርደርም አለ። ስለዚህ ይህን ማሽን በአማርኛ ጥራው ብባል «ደርዳሪ» ብዬ ነው የምጠራው። የማይደክም ደርዳሪ።

ማሽኑ የመጣው ከሲንተሳይዘር ጋር ነው (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ)። በ1977 ዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ»ን ስታወጣ፣ ጆርጆ ሞሮደር ያስጋለበው ያ የማይቆም ባስ የተሠራው በሙግ ሲንተሳይዘርና በሲኩዌንሰር ነበር። ሲኩዌንሰር ግን አስቀድመህ የሞላህለትን ነው የሚደግመው። አርፔጂዬተር ከእሱ የሚለየው እጅህን ስለሚጠብቅ ነው፤ ጣትህን ስትቀይር አብሮህ ይቀየራል። የጃፓኑ ሮላንድ በ1978 ባወጣው ጁፒተር-4 ላይ ይህ ነገር አብሮ ተሠራ። የያዝካቸውን ድምፆች ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እየተመላለሰ፣ ወይም እንደ ዕጣ እያማታ ይደረድራቸዋል። በ1982 የወጣውን የዱራን ዱራንን «ሪዮ» ከሰማችሁ፣ ከሥር እንደ ጠጠር የሚንጠባጠበው ድምፅ ከዚሁ መሣሪያ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ጁኖ-60 ደግሞ የአርፔጂዬተሩን ምት ከውጭ በገመድ መቀበል ይችል ነበር፤ የከበሮ ማሽን ይመራዋል፣ እሱ ይከተላል።

ከዚያ በ1983 ሚዲ መጣ፤ የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ። የሚዲ ሰዓት አንዱን ምት 24 ቦታ ይከፍለዋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በእነዚያው ዓመታት፣ ደብረ ብርሃን ተወልደው ከዋልያስ ባንድ ጋር ስም ያተረፉት ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ነበሩ። በ1985 አንድ ካሴት ብቻቸውን ሠሩ፤ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ7 እና የምት ማሽን ይዘው። ካሴቱ በ2013 ዳግም ሲታተም የዓለም ጆሮ ከተተው። ዲኤክስ7 አርፔጂዬተር የለውም። ምቱን ማሽኑ ይጠብቃል፤ ድርደራው የሰውዬው ጣት ነው። እኔ ይህን ካሴት ደጋግሜ የሰማሁት ከጉደሩ ውርደት በኋላ ነው፤ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ዜማው እንዴት ዘና ብሎ እንደሚቀመጥበት ለመስረቅ።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። አርፔጂዬተሬ አንዱን ምት ለአራት የሚከፍል ነበር። 24 ለ4 ሲካፈል 6 ነው፤ በየስድስቱ አንድ ድምፅ። እኔ የያዝኩት ደግሞ አምስት ድምፅ። አምስቱ በአራት ቤት ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያው ድምፅ በየዙሩ አንድ ቤት ይንሸራተታል፤ ከምቱ ጋር ዳግም የሚገናኘው ከ20 እርምጃ፣ ማለትም ከአምስት ምት በኋላ ነው። ችክችካ ግን ምቱን ለሦስት ነው የሚከፍለው፤ ስድስት ቆጥሮ ይመለሳል። እግር ሦስት ሲል ማሽን አራት ይላል። ፍጥነት ብትቀንስ ጥሉን በዝግታ ታሰማለህ እንጂ አታስታርቅም።

መፍትሔውን ያሳየኝ መጽሐፍ አይደለም። አጎቴ ኦርጋን ከመግዛቱ በፊት የክራር ሰው ነበር። እነ ጊንጪና ጌዶ ለሰርግ ሲጠሩት ክራር ይዞ፣ ከበሮ ከሚመታ ጓደኛው ጋር ይሄድ ነበር። ኦርጋኑ ሲመጣ ከበሮውም ባሱም አንድ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ጓደኛው ሥራ ፈታ፣ ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ጠዋት ግን አወረደውና ስድስቱን ክር በየተራ ደረደረልኝ፣ በእግሩ ወለሉን እየመታ። አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች፣ ስድስተኛው የአንዱ ድጋሚ። ስድስት ክር፣ ሁለት ምት። መልሶ ስድስት፣ ሁለት።

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ክፍያውን ለሦስት አደረግኩት፤ 24 ለ3 ሲካፈል 8። ከአምስቱ ድምፆች ላይ የመጀመሪያውን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጌ ስድስተኛ ጨመርኩ። ዙሩ በየሁለት ምቱ ገጠመ። ማሽኑ ችክችካ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እንደ ሚካኤል ሰይፉ ያሉ ልጆች ክራርና ማሲንቆን ከኮምፒውተር ጋር ሲያዋህዱ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የ2016ቱን «ዘላለም» ፈልጋችሁ ስሙት። ማሽኑን እኛ እንደምንረግጠው እንዲረግጥ የማስተማር ሥራ ነው የያዙት።

የሠራሁትን ለአጎቴ አሰማሁት። አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ «ደህና ነው፤ ግን የት ላይ ነው የሚተነፍሰው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አርፔጂዬተሩ ላይ ጣትህን ብታነሳም እንዲቀጥል የሚያደርግ «ሆልድ» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ለስንፍናዬ የምወዳት እሷን ነበር። አሁን ሰርግ ላይ አልነካትም። ዘፋኙ ስንኙን ሲጨርስ ጣቴን አነሳለሁ፣ ማሽኑም ዝም ይላል። ጨፋሪው ትንፋሽ ሲሰበስብ አይቼ እመልሰዋለሁ። አጎቴም አንዳንዴ ክራሩን ይዞ መምጣት ጀምሯል።