ከቸከላ በፊት

ቸከላ ጥሩ ስም ወጥቶለታል። ችካል መሬት የሚገባው ደጋግመው ሲመቱት ነው፤ እኛም ሀንዳውት እንደዚያ ጭንቅላት ውስጥ የሚገባ ይመስለናል። ግቢ የገባ ሰው ያውቀዋል፦ ፈተናው ነገ ነው፣ ላይብረሪው ሞልቷል፣ ያው ወረቀት አራቴ አምስቴ ይነበባል፣ ይሰመርበታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትጠይቁት ግን ባዶ ነው።

መርሳትን መጀመሪያ በቁጥር የለካው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው፤ መጽሐፉን ያወጣው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። የሚፈትነው ሰው አልነበረውም፣ ራሱን ፈተነ። ትርጉም የሌላቸው 2,300 ያህል ቀለሞች አዘጋጅቶ እየደረደረ በቃሉ ይይዛል። ከዚያ ቆይቶ እንደገና ሲያጠናቸው ከመጀመሪያው ልፋት ስንቱ እንደቀረለት ያሰላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ ገደማ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከወር በኋላ 21። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ይህን ቁልቁለት ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ቁጥሩ ነው። ባለ 12 ቀለም ዝርዝር በአንድ ጊዜ 68 ጊዜ ከደጋገመው ይልቅ በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ ቢደግመው ውጤቱ ያው ሆነ። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልፋት ተረፈ ማለት ነው።

ሌላው ሙከራ የቅርብ ነው፣ 2006 እ.ኤ.አ.። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ባለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ ለተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን በአራት ዙር ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንድ ዙር አንብቦ፣ በቀሩት ሦስት ዙሮች ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ፣ 83 ለ71 በመቶ። ከሳምንት በኋላ ግን 40 ለ61 ሆነ። ደግሞ «አንረሳውም» ብለው ይበልጥ የተማመኑት አንባቢዎቹ ነበሩ! ቸከላ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው፤ ለነገ ጠዋት ይሠራል።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ የሄደው ወደ አብነት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ብራና ውድ ነው፣ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ አይደርስም፣ ማታ መብራት የለም። ስለዚህ የቃል ትምህርት ለጨለማው ተመደበ፤ መምህሩ ወይም ታላቅ ተማሪ ይላል፣ ታናሹ ይቀበላል፣ መያዙንም በቃሉ ያሳያል። ቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ያለ ወረቀት ቅኔውን ይቆጥርና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ይታረማል። ወረቀት ስለሌለ ዘወትር ከራስ ማውጣት ግድ ነበር።

ከሁሉ የምወደው አቡጊዳን ነው። «ሀ ሁ ሂ» በተርታ ሲባል እንደ ዘፈን ይፈሳል፤ ልጁ ፊደሉን ትቶ ዜማውን ብቻ ሊይዝ ይችላል። አቡጊዳ ያንን ተርታ ይበትነዋል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። እዚህ ላይ ዐይን ካልለየ አፍ አያድንም። ዛሬ ተመራማሪዎች ጥያቄን እያቀላቀሉ ማጥናት የሚሉት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ላሳምረው አልፈልግም። አለንጋ ነበረ፣ ረሃብ ነበረ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከውሻ ጋር መታገል ነበረ። ሴቶች ልጆች በአብዛኛው አይገቡበትም ነበር። ትርጉሙ ሳይገባው በግዕዝ ዳዊት የደገመ ልጅም ብዙ ነው። «ሽምደዳ ነው» ብለው የነቀፉት ከሜዳ ተነስተው አይደለም። ግን እኛ ሽምደዳውን ሳንተው ጥየቃውን ተውነው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ኖት ገልብጠን፣ የገለበጥነውን አነበብን።

ጥየቃውን በካርድ የመለሰው ሴባስቲያን ላይትነር ነው፣ በ1972 እ.ኤ.አ.። ሳጥን በክፍል በክፍል ይከፈላል፤ የመለስከው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዶ ዘግይቶ ይመጣል፣ የሳትከው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አንኪ የሚባለው ሶፍትዌርም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህ ዘመድ ነው። ሥራዬ ኮድ ስለሆነ ሐሳቡን እኔም ጻፍኩት፤ አልጎሪዝሙን በቀላሉ ለሚፈልግ ጥቂት መስመር ይበቃዋል፦ ጥያቄ፣ ቀን፣ መልስ። ስልክም አያስፈልገውም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የጥናት ልማድ ነው ብቻ የሚላችሁን አትመኑት። ግን መምህር የጎደለበትም፣ ላብራቶሪ የሌለውም ተማሪ ዛሬ ማታ ደብተሩን ዘግቶ ራሱን መጠየቅ ይችላል።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። የፊዚክስ ጥያቄዎቿን ከየምዕራፉ ቆራርጠን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደባልቀናቸዋል፤ ምዕራፉ ራሱ የትኛውን ቀመር እንደምትጠቀም ሹክ እንዳይላት። ጠዋት ጠዋት አምስት ታወጣለች። የሳተችው ነገ ይመለሳል፣ ያገኘችው ሳምንት ያርፋል። እስካሁን ትነጫነጫለች፤ «ማንበቡ ይሻለኝ ነበር» ትላለች።