ስለ ሌላ ሰው ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ስያሜ፤ ታሪካዊ አስተያየት

ባለጉዳይን ከባለሥልጣን የሚያገናኝ ሰው ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግቢ እልፍኝ አስከልካይ ወደ ጌታው የሚገባውንና የማይገባውን ይለይ ነበር። ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ይህ ተግባር ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ተዛወረ፤ መሣሪያውም የቀጠሮ መዝገብ ሆነ። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ እንደ አይ ቢ ኤም «ፕሮፍስ» ያሉ የቢሮ ሥርዓቶች መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር አሻገሩት።

የስያሜው ችግር ጎልቶ የሚታየው በእ.ኤ.አ. 1998 በወጣውና በ2009 በተሻሻለው «አይካሌንደር» በተባለው የልውውጥ ደንብ ነው። ደንቡ ሁለት ሰዎችን ይለያል። አንደኛው ስብሰባውን በጠራው ሰው ስም ጥሪውን የሚልክ ነው፤ ምልክቱም «ሴንት ባይ» ይባላል። ሁለተኛው በተጋባዡ ፈንታ በስብሰባው የሚገኝ ነው፤ የዚህ ምልክት «ደሊጌትድ ቱ» ነው። ማይክሮሶፍት አውትሉክ ግን «ደሊጌት» የሚለውን ስም የአለቃውን ቀጠሮ ለሚያስተዳድረው ሰው ሰጠ። እንግዲህ መደበላለቁ የጀመረው በእንግሊዝኛው ውስጥ ነው።

ተርጓሚው ሁለቱንም «ወኪል» ቢላቸው ስሕተቱን ያጸናዋል። «ወኪል ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ ያነበበ ኃላፊ ቀጠሮውን ለጸሐፊው እየከፈተ ይሁን ወይም በእርሱ ፈንታ ሌላ ሰው ወደ ስብሰባው እየላከ ይሁን ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም በላይ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰፊው የደነገገው ውክልና ወካዩን የሚያስገድድ ሥልጣን ነው፤ ሰዓት የሚያመቻች ጸሐፊ ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም።

የግሥ አዕማድን ብንከተል መልሱ ቅርብ ይመስላል። አድራጊው ቀጠረ፥ አስደራጊው አስቀጠረ፥ ተደራራጊው ተቃጠረ፥ አደራራጊው አቃጠረ ይላል። ሰዎችን እርስ በርስ የሚያቀጣጥረው ሰው በሰዋስው ሥርዓት «አቃጣሪ» መሆን ነበረበት። ነገር ግን ልማድ ቃሉን ለነውር አገናኝና ለነገር አመላላሽ ስለ ሰጠው፥ በመሥሪያ ቤት በር ላይ ሊጻፍ አይችልም። «ቀጣሪ»ም ሠራተኛ የሚቀጥረው ሰው ስም ሆኗል። ሥርወ ቃሉ ቢፈቅድም የቃሉ ታሪክ ይከለክላል።

ስለዚህ «ቀጠሮ ያዥ» የሚለውን እናቀርባለን። ቀጠሮ የሚይዝ ሁሉ፥ ለራሱ የሚይዘውም ጭምር፥ በዚህ ስም ሊጠራ ይችላል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሆኖም ገንዘብ ያዥ የምንለው የሌላውን ገንዘብ በኃላፊነት የሚይዘውን እንጂ የራሱን በኪሱ የያዘውን አይደለም። በአለቃው ፈንታ ለሚገኘው ደግሞ «ተወካይ» ይበቃል።

እንዲህ ከተለየ፥ «ሚኒስትሩ ጠርተዋል፤ ቀጠሮ ያዡ ልኳል፤ ዳይሬክተሩ በተወካይ ይገኛሉ» ተብሎ ሲጻፍ ጥሪው የማን እንደ ሆነ፥ ኃላፊነቱም በማን ላይ እንደሚወድቅ አንባቢው ያለ ጥርጥር ይረዳል።