ባለምድጃ የሸራ ድንኳን

ባለምድጃ የሸራ ድንኳን ማለት ከጥጥ ሸራ ተሰፍቶ፣ በውስጡ እንጨት የሚነድበት ትንሽ የብረት ምድጃ የሚቀመጥበት ድንኳን ነው። የምድጃው ጭስ በቧንቧ አልፎ፣ በጣራው ወይም በግድግዳው ላይ ሙቀት በሚቋቋም ጨርቅ በተከበበ ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። በብርዳማ አገሮች አዳኞች፣ ወታደሮች፣ ወርቅ ፈላጊዎችና ተጓዦች ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ዛሬም በበረዶ ወራት ከቤት ውጭ የሚያድሩ ሰዎች ይመርጡታል። በአግባቡ ከተያዘ ሰው የሚሞቅበት፣ ልብስ የሚደርቅበትና ምግብ የሚበስልበት መጠለያ ነው። በቸልታ ከተያዘ ግን በእሳት ወይም በካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ ሜዳማ አገሮች የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች «ቲፒ» የሚባለውን ሾጣጣ ድንኳን ከአሜሪካ ጎሽ ቆዳ ይሠሩት ነበር። እሳቱ መሐል ወለሉ ላይ ይነድና ጭሱ በጫፉ ቀዳዳ ይወጣ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎሹ መንጋ በአደን ብዛት እየተመናመነ ሲሄድ የቆዳውን ቦታ ሸራ ተካው።

የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ሄንሪ ሆፕኪንስ ሲብሊ ሐሳቡን ከቲፒ ወስዶ በአንድ ምሰሶ የሚቆም ሾጣጣ የሸራ ድንኳን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1856 የፈጠራ መብት ተሰጠው። የድንኳኑ ቁመት 3.7 ሜትር፣ የወለሉ ዲያሜትር 5.5 ሜትር ገደማ ሲሆን 12 ያህል ወታደሮችን ያስተኛ ነበር። አብሮት የሚሄደው «የሲብሊ ምድጃ» ከላሜራ የተሠራ፣ ከሥሩ ክፍት የሆነና በቀጥታ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሾጣጣ ምድጃ ነበር። ሲብሊ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቡ ወገን ተሰልፎ ተዋጋ። ከዚያም ከ1870 እስከ 1873 በግብጹ ገዥ በኬዲቭ ኢስማኤል ጦር ውስጥ አገለገለ፤ የተሰናበተውም የግብጽ ጦር በጉንደትና በጉራ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር ከመዋጋቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ብዙ ሺህ ሰዎች ወርቅ ፍለጋ ወደ ካናዳዋ ክሎንዳይክ ሲጎርፉ የሸራ ድንኳንና የላሜራ ምድጃ ከዋና ዋና ጓዞቻቸው መካከል ነበሩ። በላብራዶርና በኩቤክ የሚኖሩት የኢኑ ሕዝቦችም ባለምድጃ የሸራ ድንኳንን የአደን ኑሯቸው አካል አድርገውታል፤ ወለሉን በለምለም የዛፍ ቅርንጫፍ ይጎዘጉዙታል።

በፊንላንድ ጦር ወታደሮች በበረዶ ወቅት ባለምድጃ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ። ሌሎቹ ሲተኙ አንድ ወታደር በተራው ነቅቶ እሳቱን ይጠብቃል፤ ይህ ጠባቂ በፊንላንድኛ «ኪፒናሚኮ» ይባላል።

ሸራው

ለዚህ ዓይነት ድንኳን የጥጥ ሸራ የሚመረጥባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ከእሳት ጋር ያለው ጠባይ ነው። ናይለንና ፖሊስተር ትኩስ ፍንጣሪ ሲያርፍባቸው ይቀልጣሉ፤ የቀለጠው ጨርቅም ገላ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ግን አይቀልጥም፤ ትንሽ ፍንጣሪ ብዙውን ጊዜ አቃጥሎ የሚተወው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው። ይህ ሲባል ግን ሸራ አይነድም ማለት አይደለም። እሳት እንዲቋቋም በኬሚካል የተነከረ ሸራም ቢሆን የሚነደው ቀስ ብሎ ነው እንጂ ፈጽሞ ከእሳት የተጠበቀ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ሸራ አየር ማስተላለፉ ነው። ሰው ሲተነፍስና እርጥብ ልብስ ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት በከፊል በጨርቁ አልፎ ስለሚሄድ፣ በፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ እንደሚታየው ጤዛ ከጣራ አይንጠባጠብም።

ሸራ ውኃ የሚከላከለው ክሮቹ ሲርሱ አብጠው በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ስለሚዘጉ ነው። በዚህም ምክንያት አዲስ የጥጥ ድንኳን ለጉዞ ከመውጣቱ በፊት ተተክሎ በደንብ በውኃ ይርሳል፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይደረጋል። ይህ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲደገም የስፌቱ ክርም አብጦ የመርፌውን ቀዳዳዎች ይደፍናል።

የሸራ ውፍረት የሚገለጸው በአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። በገበያ ላይ 285 ግራም ቀላል፣ 340 ግራም መካከለኛ፣ 400 ግራምና ከዚያ በላይ ከባድ ሊባል ይችላል። ወፍራም ሸራ ነፋስንና የአገልግሎት ብዛትን የበለጠ ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ ለመሸከም ያስቸግራል፣ ከረሰም ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ጥጥና ፖሊስተር የተደባለቀበት ሸራ ከንጹሕ ጥጥ ይልቅ ይቀላል፣ ሻጋታንም በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል።

ቅርጽና ስፋት

በብዛት የሚታዩት ቅርጾች ሁለት ናቸው።

ባለግድግዳ ድንኳን፦ እንደ ቤት አራት ማዕዘን ሆኖ ቀጥ ያለ ግድግዳና ባለሁለት ጎን ተዳፋት ጣራ አለው። ውስጡ በሙሉ ቆሞ ለመሄድ ይመቻል። ብዙ ምሰሶ ወይም የብረት ቋሚ ስለሚፈልግ ለመትከል ጊዜ ይወስዳል፤ በመኪና ወይም በጋማ ከብት ለሚደረግ ረጅም ቆይታ ይስማማል።

ባለአንድ ምሰሶ ድንኳን፦ እንደ ደወል ወይም እንደ ሾጣጣ ክብ ሆኖ መሐል ባለው አንድ ምሰሶና ዙሪያውን በካስማ በተወጠሩ ገመዶች ይቆማል። ለመትከል ቀላል ነው፤ በረዶም ከተዳፋቱ ይንሸራተታል። በአንጻሩ ጠርዙ ዝቅ ስለሚል ከወለሉ ስፋት ሁሉም ለቁመት አይመችም።

ስፋት ሲመረጥ ዲያሜትርን ብቻ ማየት ያሳስታል። የ4 ሜትር ክብ ድንኳን ወለል 12.6 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የ5 ሜትሩ 19.6 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ሲጨመር ወለሉ ከግማሽ በላይ ይሰፋል፤ የሚሞቀው አየርና የሚያስፈልገው ማገዶም በዚያው ልክ ይጨምራል። የ5 ሜትር የጥጥ ድንኳን ክብደት 30 ኪሎ ግራም አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ በጀርባ ለሚጓዝ ሰው አይሆንም። ደግሞም ምድጃውና በዙሪያው የሚተወው ባዶ ቦታ የአንድ ወይም የሁለት ሰው መኝታ ያህል እንደሚወስዱ ማሰብ ያስፈልጋል።

ምድጃውና ቧንቧው

ምድጃ ከተራ ብረት፣ ከማይዝግ ብረት ወይም ከታይታኒየም ይሠራል። ወፍራም ብረት ለመሞቅ ቢዘገይም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ታይታኒየም በጣም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስሱ ስለሆነ እሳቱ እንደጠፋ ወዲያው ይቀዘቅዛል። አዲስ ምድጃ ለመጀመሪያ ጊዜ መነደድ ያለበት ከድንኳን ውጭ ነው፤ ምክንያቱም ከፋብሪካ የመጣው ዘይትና ቀለም ሲቃጠል መጥፎ ጭስ ይወጣዋል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ለምድጃም ሆነ ለምድጃው ቅርብ ለሆነ ቧንቧ አይመከርም፤ ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ በኃይል ሲግል የሚተነው ጢስ ለጤና ጎጂ ነው።

ቧንቧው ከድንኳኑ ጫፍ ከፍ ብሎ መውጣት አለበት። ይህም ጭሱ በደንብ እንዲሳብና ፍንጣሪው ሸራው ላይ ሳያርፍ እንዲበርድ ይረዳል። ጫፉ ላይ ፍንጣሪ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት ይደረጋል፤ ወንፊቱ ግን በጥቀርሻ ሊደፈን ስለሚችል በየጊዜው ይራገፋል። ቧንቧው በሸራው የሚያልፍበት ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን በተቀባ የፋይበርግላስ ጨርቅ ይከበባል።

አተካከል

ቦታው ደልዳላ፣ ከነፋስ የተከለለና ሊወድቅ ከሚችል የደረቀ ዛፍ የራቀ መሆን አለበት። ምድጃው እሳት በማያቃጥለው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። በበረዶ ላይ ከሆነ ሙቀቱ በረዶውን አቅልጦ ምድጃውን ስለሚያዘነብለው ከሥሩ እርጥብ ግንዶች ይደረደራሉ። ከግድግዳው፣ ከመኝታውና ከማገዶው ክምር በቂ ርቀት ሊኖረው ይገባል። ምድጃውን በሩ አጠገብ አድርጎ መውጫውን መዝጋት ከባድ ስሕተት ነው፤ ሸራ ከተያያዘ ለመውጣት ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ግድግዳውን ቀደው መውጣት እንዲችሉ ቢላዋ ከራስጌያቸው አይለዩም፤ ውኃም በባልዲ ያዘጋጃሉ።

ማገዶ

ጥሩ ማገዶ የተፈለጠና በደንብ የደረቀ ነው፤ በአጠቃላይ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ እንጨት የሙቀቱን ብዙ ክፍል ውኃውን በማትነን ያባክናል። ከዚህም ሌላ ቧንቧው ውስጥ የሚጣበቅ ጥቁር ሬንጅ መሰል ቅሬታ ይፈጥራል፤ ይህ ቅሬታ ኋላ ተቀጣጥሎ ቧንቧውን እስኪቀላ ሊያግለው ይችላል። እንደ ጥድ ያሉ ለስላሳ እንጨቶች ቶሎ ተቀጣጥለው ቶሎ ያልቃሉ። እንደ ወይራ ያሉ ጠንካራ እንጨቶች ግን ፍማቸው ይቆያል። ስለዚህ በጭራሮና በለስላሳ እንጨት ለኩሶ በጠንካራው ማቆየት የተለመደ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ

ካርቦን ሞኖክሳይድ ማገዶ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚፈጠር፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ጥንካሬ ስለሚጣበቅ ሰውነት ኦክስጅን ያጣል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። የተኛ ሰው ምልክቱ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። በኢትዮጵያም ሰዎች በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው የሚሞቱት በዚሁ ጋዝ ነው።

«ጭስ ከሌለ አደጋ የለም» የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው፤ ጭስ የሌለው ፍም ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣል። ስለሆነም ከምድጃው ፍም አውጥቶ ድንኳን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ወይም ፍሙ ሳይጠፋ ቧንቧውን መንቀል ፈጽሞ አይገባም። ሌሊቱን ሙሉ እንዲቆይ ተብሎ የአየር መግቢያውን ከልክ በላይ መዝጋትም እሳቱን አፍኖ የቧንቧውን ስበት ያዳክማል። አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ የአየር መተላለፊያ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ በረዶ ሲጥልም እንዳይደፈን ይጠረጋል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መያዝ ይመከራል፤ ሆኖም የአየር መተላለፊያውን አይተካም። ምልክት የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና ሕክምና ማግኘት አለበት።

የሌሊት አጠቃቀም

ሸራ ሙቀት የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ነው። እሳቱ ሲጠፋ የድንኳኑ ውስጥ በፍጥነት ይበርዳል፣ ብዙም ሳይቆይ ከውጭው ጋር ይቀራረባል። በዚህም ምክንያት የመኝታ ልብስ የሚመረጠው ለሞቀው ድንኳን ሳይሆን ለውጭው ብርድ ነው። ይህን ያደረገ ሰው እሳቱን አጥፍቶ መተኛት ይችላል፤ ያላደረገ ሰው ግን በብርድ ተገዶ ሳይጠብቀው የሚነድ እሳት ይዞ ይተኛል። እሳቱ ማደር ካለበት እንደ ፊንላንድ ወታደሮች በተራ መጠበቅ ያስፈልጋል።

እንክብካቤ

የጥጥ ሸራ ዋና ጠላት ሻጋታ ነው። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ድንኳን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሻግትና ጨርቁ ሊዳከም ይችላል። ዝናብ ላይ የተነቀለ ድንኳን ቤት እንደተደረሰ ተዘርግቶ እስከ ስፌቱ ድረስ መድረቅ አለበት። ቆሻሻው በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ ጠንካራ ሳሙና ውኃ የሚከላከለውን ቅባት ያጥባል። አመድ ውስጡ ለብዙ ሰዓት ፍም ሊደብቅ ስለሚችል በብረት ዕቃ ወጥቶ፣ በውኃ ርሶና እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ይደፋል። በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች እንጨት መልቀምና እሳት ማንደድ የተከለከለ ስለሆነ፣ የቦታውን ደንብ ከጉዞ በፊት ማወቅ የዝግጅቱ አንድ ክፍል ነው።